ፈሳሽ ማያያዣና ቶርክ ኮንቨርተር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጋራዣችን መግቢያ ላይ፣ ጠረጴዛው ጫፍ፣ በቶርኖ ለሁለት የተከፈለ ቶርክ ኮንቨርተር ተቀምጧል። ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ ሁሉ ያነሳዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ከዚያ መጠየቅ ይጀምራል። ከጥያቄዎቹ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን ከነመልሳቸው እዚህ አስፍሬአለሁ።

አውቶማቲክ መኪና የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም። ታዲያ ሞተሩና ካምቢዮው በምን ይያያዛሉ?

በዘይት። በማኑዋል መኪና ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው የፍሪሲዮን ዲስክ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ዲስኩ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ መንኮራኩር) ይላቀቃል፣ ሲለቀቅ ይጣበቃል። በአውቶማቲኩ በዚያው ቦታ የምናገኘው ግን ዘይት የሞላው፣ ዙሪያው የተበየደ ክብ ዕቃ ነው። ውስጡ ሁለት ክንፋም መንኮራኩሮች ፊት ለፊት ተያይተው ተቀምጠዋል። አንደኛው፣ ፓምፕ የሚባለው፣ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፤ ሁለተኛው፣ ተርባይን የሚባለው፣ ወደ ካምቢዮው በሚገባው ዘንግ ላይ ተሰክቷል። እርስ በርሳቸው አይነካኩም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ የሞተሩ ጉልበት የሚሻገረው ይህን ክፍተት አቋርጦ በሚያልፈው ዘይት ነው።

ሁለት መንኮራኩር ብቻ ያለው ፈሳሽ ማያያዣ ይባላል። ሦስተኛ ሲጨመርበት ቶርክ ኮንቨርተር ይሆናል፤ ዛሬ በአብዛኞቹ አውቶማቲክ መኪኖች ውስጥ ያለው ይኸኛው ነው። ሁለተኛውን ለመረዳት ግን መጀመሪያ አንደኛውን መረዳት ያስፈልጋል።

ዘይት ብረትን እንዴት ያዞራል?

የውሃ ወፍጮ አይተው ከሆነ ግማሹን አውቀውታል። ከላይ የሚወርድ ውሃ የወፍጮውን ክንፎች ይመታል፣ ክንፎቹ ዘንጉን ያዞራሉ፣ ዘንጉ ድንጋዩን ያዞራል። ውሃው እየፈሰሰ የሚገባው ከወንዝ ሳይሆን ከፓምፕ ቢሆን፣ ያም ፓምፕ በሞተር የሚዞር ቢሆን፣ ከዚያ በፓምፑና በወፍጮው መካከል ያለውን ቱቦ ቆርጠን ጥለን ሁለቱን አፍ ለአፍ ብንገጥማቸው የምናገኘው ፈሳሽ ማያያዣ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ግማሽ ቢመለከቱት እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ውስጡ ከመሐል ወደ ዳር በተዘረጉ ክንፎች ተከፋፍሏል። ሞተሩ ይህን ሳህን ሲያዞረው በክንፎቹ መካከል ያለው ዘይት ወደ ዳር ይወረወራል። ዳር ሲደርስ መውጫ ስለሌለው ክፍተቱን ተሻግሮ ትይዩው ወዳለው ሳህን ይገባል። የሚገባውም ባዶውን አይደለም፤ ከመጀመሪያው ሳህን የተቀበለውን ዙረት ይዞ ነው። የሁለተኛውን ሳህን ክንፎች ሲመታ ያንን ዙረት ያስረክባል፣ ከዚያ ወደ መሐል ወርዶ በውስጠኛው በኩል ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ስለዚህ ዘይቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ጉዞ አለው፦ ከሞተሩ ጋር ይሽከረከራል፣ ከሳህን ወደ ሳህን ደግሞ ይዞራል።

ልጆች ወዳጆቼ አንዳንዴ ክንፎቹን ይቆጥራሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱ ወገን ቁጥር እኩል አይሆንም። ስህተት አይደለም፤ እኩል ቢሆኑ ክንፎቹ በአንድ ቅጽበት እየተገጣጠሙ ንዝረት ይፈጥሩ ነበር።

ሁለቱ ወገኖች በእኩል ፍጥነት ይዞራሉ?

በፈሳሹ ብቻ እስከተያያዙ ድረስ በጭራሽ። ይህች ነጥብ ከተያዘች ቀሪው ጥያቄ ሁሉ ይቀላል። ዘይቱ ከፓምፑ ወደ ተርባይኑ የሚሻገረው ፓምፑ በፍጥነት ስለሚበልጥ ነው። እኩል ቢሆኑ ሁለቱም ወገን ዘይቱን በእኩል ኃይል ወደ ዳር ይገፉታል፤ ማንም ማንን አያሸንፍም፣ ዝውውሩ ይቆማል፣ ጉልበትም አይተላለፍም። ስለዚህ ተርባይኑ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ መቅረት አለበት። ጥሩ ፈሳሽ ማያያዣ በመደበኛ ጭነት ከ2 እስከ 4 በመቶ ያህል ይንሸራተታል። ያ የተንሸራተተው ድርሻ ጠፍቶ አይጠፋም፤ ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይገባል።

የሚተላለፈው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ ሲጨምር ጉልበቱ ዘጠኝ ጊዜ ይጨምራል። ሞተሩ በደቂቃ 750 ጊዜ ቀስ ብሎ ሲዞር ፍሬን የያዘ እግር በቀላሉ የሚያሸንፈው፣ 2250 ሲደርስ ግን መኪናውን ወደፊት የሚያስፈነጥረው በዚህ ምክንያት ነው። የዕቃው ስፋት ደግሞ ከዚህም የባሰ ይቆጠራል፦ ዲያሜትሩ በ15 በመቶ ብቻ ቢጨምር የመሸከም አቅሙ እጥፍ ይሆናል።

ማን ፈጠረው?

ነገሩ የተጀመረው በመኪና ሳይሆን በመርከብ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንፋሎት ተርባይን መርከቦች ላይ ሲገባ ችግር ተፈጠረ፤ ተርባይኑ በጣም ፈጣን፣ የመርከቡ ውልብልቢት ደግሞ ቀስ ብሎ ሲዞር ነው የሚያምርበት። በሽቴቲን ከተማ በነበረው የቩልካን መርከብ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር እ.ኤ.አ. በ1905 ፓምፕና ተርባይንን በአንድ ዕቃ ውስጥ ያዋሃደበትን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ቶርክ ኮንቨርተሩም ፈሳሽ ማያያዣውም የእሱ ልጆች ናቸው።

ወደ መንገድ ያመጣው ሌላ ሰው ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ሲንክሌር በ1920ዎቹ የለንደን አውቶቡሶች ሲነሱ ተሳፋሪውን እንዴት እንደሚያንገጫግጩት እያየ የመርከቡን ማያያዣ ለተሽከርካሪ ለማዋል ተነሳ። የእንግሊዙ ዳይምለር እ.ኤ.አ. በ1930 «ፈሳሽ ቮላኖ» በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ከዚያ አሜሪካኖቹ ተቀበሉት፦ ጄኔራል ሞተርስ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ያቀረበው ሃይድራማቲክ ካምቢዮ ፈሳሽ ማያያዣን አራት ማርሽ ካለው አውቶማቲክ ጋር ያጣመረ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ይኸው ካምቢዮ ከሁለት የካዲላክ ሞተሮች ጋር ኤም 5 ስቱዋርት በሚባለው ቀላል ታንክ ውስጥ ገብቷል። ታንክ ውስጥ የተፈተነ ነገር ለቤት መኪና አያንስም ብዬ ለደንበኞች ስናገር ትንሽ ይረጋጋሉ።

ታዲያ ቶርክ ኮንቨርተር ምን ጨመረ?

ስታተር የሚባለውን ሦስተኛ መንኮራኩር። በተራው ፈሳሽ ማያያዣ ውስጥ ከተርባይኑ የሚመለሰው ዘይት የፓምፑን ክንፎች ከዙረታቸው ጋር ተጻራሪ በሆነ አቅጣጫ ሊመታቸው ይችላል፤ ሞተሩ የራሱን ዘይት መልሶ ይታገላል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል፣ መሐል ላይ፣ የተጠማዘዙ ክንፎች ያሉት ትንሽ መንኮራኩር ሲገባ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ አስይዞ ፓምፑን በሚያግዝ መንገድ ይልከዋል። ስታተሩ ይህን ማድረግ የሚችለው ሳይዞር ከካምቢዮው አካል ጋር ተደግፎ ሲቆም ነው። ግድግዳ ተደግፎ እንደሚገፋ ሰው ማለት ነው፤ ግድግዳው ባይኖር የሚገፋው ሰው ራሱ ወደ ኋላ በሄደ ነበር።

በዚህ የተነሳ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ወደ ካምቢዮው የሚገባው የማዞር ጉልበት ከሞተሩ ጉልበት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ በቤት መኪኖች ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ የተለመደ ነው። ተራው ፈሳሽ ማያያዣ ይህን አይችልም፦ የተቀበለውን ያህል ጉልበት ብቻ ያስረክባል።

«ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይከተላል። ትርፍ የለም። ጉልበቱ የሚጨምረው ፍጥነት እየተሰዋ ነው። ተርባይኑ የፓምፑን ግማሽ ፍጥነት ሲይዝ ጉልበቱ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው፤ ግማሽ በአንድ ተኩል ሲባዛ ሦስት አራተኛ ይመጣል። ቀሪው ሩብ ሙቀት ሆኗል። ተርባይኑ የፓምፑን ፍጥነት 85 ወይም 90 በመቶ ሲደርስበት ደግሞ ማባዛቱ ያበቃል፤ ዘይቱ ስታተሩን ከጀርባው መምታት ይጀምራል። ስታተሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚይዝ ኩሽኔታ ላይ ስለተቀመጠ ተለቅቆ አብሮ ይዞራል፣ ዕቃውም ወደ ተራ ፈሳሽ ማያያዣነት ይመለሳል።

አውቶማቲክ ነዳጅ ይበላል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው?

በድሮዎቹ አዎ። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ሎክ አፕ ነው፦ በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ፍሪሲዮን፣ መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ፓምፑንና ተርባይኑን በብረት አቆራኝቶ መንሸራተቱን የሚያስቀር። ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1949 አውጥቶት ነበር፤ በሰፊው የተለመደው ግን ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ነው። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ሎክ አፕ ብዙም ዕድል አያገኝም። ስለዚህ ከፒያሳ መገናኛ የሚመላለስ አውቶማቲክ ከአዳማ መንገድ ይልቅ ነዳጅ ቢፈጅ ካምቢዮውን አይውቀሱ።

መብራት ላይ ዲ ላይ ልተወው ወይስ ወደ ኤን ልመልሰው?

ዲ ላይ ይተዉት፣ ፍሬን ይያዙ። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዘይቱ ውስጥ የሚገባው ሙቀት 2 ኪሎ ዋት ቢደርስ ነው፤ ከእንጀራ ምጣድ በግማሽ ያነሰ። ራዲያተሩ ይህን ሳይታወቀው ያወጣዋል። ረጅም ጊዜ የሚያቆም ነገር ካለ ኤን ወይም ፒ ያድርጉት፤ ለእግርዎም ዕረፍት ነው።

ዳገት ላይ ፍሬን ሳልይዝ ነዳጅ እየሰጠሁ መኪናውን ባቆመው ምን ችግር አለው?

ይህኛው ካምቢዮ ገዳይ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው ዳገት ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ መኪናው ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሳይል በነዳጅ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቆማል። ጎማው አይዞርም፣ ስለዚህ ተርባይኑም አይዞርም። ሞተሩ የሚሰጠው ኃይል አንድም ሳይቀር ዘይቱን ያሞቃል።

ሒሳቡን ለክፉው ሁኔታ እንሥራው። ሞተሩ በርትቶ 30 ኪሎ ዋት እየሰጠ ነው እንበል። ያ ስምንት ያህል የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ በአንድ ላይ ማለት ነው። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት 6 ሊትር፣ ወይም 5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ዘይትን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 2 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል። ስለዚህ ዘይቱ በየሰከንዱ 3 ዲግሪ ይሞቃል፤ በግማሽ ደቂቃ 90 ዲግሪ። ቀድሞውኑ 85 ዲግሪ የነበረው ዘይት 175 ይደርሳል ማለት ነው። ቀስ ተብሎ በተንጠለጠለ መኪና ላይ ኃይሉ ከዚህ ያንሳል፣ ግን ሰዓቱ ይረዝማል። በዚያ ሙቀት የዘይት መከላከያ ጎማዎቹ ይደርቃሉ፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል። ፍሬን አለዎት፤ የእጅ ፍሬንም አለዎት።

ባትሪ ሲሞት አውቶማቲክ መኪና ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል?

አይቻልም። ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ ሲገፋ አይቻለሁ፤ ላባቸው በከንቱ ቀረ። የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በኮንቨርተሩ አንገት፣ ማለትም በሞተሩ ነው። ሞተሩ ካልዞረ ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች አይጨብጡም። ጎማው ቢዞርም ዙረቱ ሞተሩ ጋ አይደርስም። የመጀመሪያዎቹ ሃይድራማቲኮች ከኋላም ሁለተኛ ፓምፕ ስለነበራቸው ተገፍተው ይነሱ ነበር፤ ያ ዘመን አልፏል። በዚሁ ምክንያት የተበላሸ አውቶማቲክ በገመድ ረጅም መንገድ አይጎተትም፦ ዘንጎቹ ያለ ዘይት ይዞራሉ። የሚያሽከረክሩት ጎማዎች ከመሬት ይነሱ ወይም መኪናው ይጫን።

የካምቢዮው ዘይት ማኪያቶ መስሏል። ምንድን ነው?

ሞተሩን ያጥፉ፣ መኪናውንም አያንቀሳቅሱ። ውሃ ገብቷል። በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በምታልፍ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ያቺ ቱቦ ስትበሳ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ውሃው የፍሪሲዮኖቹን ልባስ ከብረቱ ያላቅቃል፤ የሎክ አፑም ልባስ አንዱ ነው።

አንድ ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ካምቢዮ የተቀየረለት መኪና መጣልን። ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ቦታ ያገለገለ ካምቢዮ ተገጥሞለታል፣ ሁለቱንም ጊዜ ከወራት በኋላ ሞቷል። ባለቤቱ «ዕድሌ ነው» ይሉ ነበር። የራዲያተሩን ክዳን ስከፍት ውስጡ ሮዝ አረፋ ነበር። ያንን ራዲያተር ማንም አልነካውም።

በ60 እና በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከል መኪናው ሸካራ መንገድ ላይ እንደሚሄድ ይንቀጠቀጣል።

ጎማ ከማመጣጠንዎ በፊት ይህችን ይሞክሩ፦ በዚያው ፍጥነት ነዳጁን ሳይለቁ በግራ እግር የፍሬኑን ፔዳል መብራቱ እስኪበራ ብቻ ቀስ አድርገው ይንኩ። መንገዱ ጭር ያለ ይሁን። ኮምፒውተሩ ፍሬን መነካቱን ሲያውቅ ሎክ አፑን ይለቃል፤ የሞተሩ ዙር በጥቂት መቶዎች ከፍ ይላል። መንቀጥቀጡ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ሕመሙ ያለው ሎክ አፑ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ትክክለኛ አዲስ ዘይት ብቻ ያድነዋል። ካልዳነ ኮንቨርተሩ ይወርዳል።

«ዘይቱ ዕድሜ ልክ አይቀየርም ተብሏል» ለሚሉ፦ የማን ዕድሜ እንደሆነ አልተጻፈም። እኔ በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ።

የስቶል ፈተና ሠርተው ዙሩ ዝቅተኛ ነው አሉኝ። ኮንቨርተሩ ተበላሽቷል?

ምናልባት የተበላሸ ነገር የለም። ፈተናው ጎማው ታግዶ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ዲ ላይ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ሞተሩ ስንት ዙር ላይ እንደሚቆም ማየት ነው። ከ5 ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ ምጣዶቹን ያስታውሱ። ዙሩ ከሚገባው በላይ ከወጣ ካምቢዮው ውስጥ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን አለ፤ በጣም ከወረደ ሞተሩ ደክሟል ወይም የስታተሩ ኩሽኔታ መያዝ አቅቶት በሁለቱም አቅጣጫ ይዞራል።

ነገር ግን በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የተለካው በባሕር ወለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ እዚህ ያጣል። ጉልበቱ ከዙሩ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ዙሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይወርዳል። መጽሐፉ 2400 ካለ እዚህ 2100 አካባቢ ማየት ጤንነት ነው። ይህን ሳያሰሉ «ስታተሩ ሄዷል» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት ሌላ ሰውም ይጠይቁ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ሞተሩን ስለሚገታ ፈተናው ብዙም አይናገርም።

ቪስኮስ ካፕሊንግ የሚባለውና ይኸኛው አንድ ናቸው?

አይደሉም። ቪስኮሱ ክንፍ የለውም፤ የተደራረቡ ስስ ብረቶች በወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ውስጥ ናቸው፣ የሚይዘውም የፈሳሹ ዝልግልግነት ነው። በአንዳንድ በአራቱም ጎማ በሚነዱ መኪኖች ውስጥ አለ። የብዙ ፒክአፖች የራዲያተር ማራገቢያም በዚያው ሐሳብ ይሠራል።

የከባድ መኪና ሪታርደር ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ወንድማማቾች ናቸው። ሪታርደር ከባድ መኪናን ቁልቁለት ላይ የሚይዝ ረዳት ፍሬን ነው። ፈሳሽ ማያያዣ ወስደው ሁለተኛውን ሳህን እንዳይዞር ከካምቢዮው አካል ጋር ያስሩት፤ የመጀመሪያው ዘይቱን ወደ ቆመ ግድግዳ እየወረወረ ይደክማል። ያ ድካም መኪናውን ይይዘዋል። ዘይት ሲገባ ይይዛል፣ ሲወጣ ይለቃል፤ የሚያልቅ የፍሬን ሸራ የለም።

ጥቅሙ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ይታያል። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ 1000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚያራግፈው ኃይል 1300 ሊትር ያህል ውሃን ከ20 ዲግሪ አንስቶ አዲስ አበባ ላይ እስኪፈላ ያሞቃል። ይህን ሁሉ የጎማ ፍሬን ይብላው ከተባለ ሸራው ይጨሳል፣ ከዚያ አይዝም። ሪታርደር ሙቀቱን ወደ ራዲያተሩ ይወስደዋል። ስለዚህ ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ፣ የሞተሩን ዙር ከፍ አድርጎ መውረድ አለበት፤ የውሃ ፓምፑም ማራገቢያውም በርትተው የሚሠሩት ሞተሩ ሲዞር ነው። ፍጥነት ሲቀንስ ሪታርደሩም ስለሚደክም ተሽከርካሪውን ጨርሶ የሚያቆመው ያው የጎማው ፍሬን ነው።

የእኔ መኪና ሲቪቲ ነው። ቶርክ ኮንቨርተር አለው?

ቪትዝ ከሆነ አዎ፤ ሲቪቲው፣ ማለትም የማርሽ ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ የማርሽን ቦታ እንጂ የኮንቨርተሩን ቦታ አልወሰደም። የሲቪቲ ዘይትና የተራ አውቶማቲክ ዘይት ግን አይለዋወጡም። በሁለት ፍሪሲዮን የሚሠሩት የቮልስዋገን ዲኤስጂ ዓይነቶች ኮንቨርተር የላቸውም፤ አብዛኞቹ የቶዮታ ሃይብሪዶችም የላቸውም።

በኤሌክትሪክ መኪናስ?

የለም፣ አያስፈልገውምም። ይህ ሁሉ ዕቃ የተፈጠረው የነዳጅ ሞተር ቆሞ ጉልበት መስጠት ስለማይችል ነው፤ ጎማው ሲቆም እሱ መዞሩን መቀጠል አለበት፣ አለዚያ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ዙር ጀምሮ ጉልበቱን ይሰጣል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ አዲስ ኮንቨርተር ይዞ የሚመጣ ደንበኛ እየቀነሰ ይሄዳል። መንገድ ላይ ያሉት ግን ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ፤ ትናንት ብቻ ሦስት አውርደናል።